አምስት ጣት ያለው ቅጠል

እታለም መነጽር ሠሪ ናት። መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው፤ ግን ታናሽ ወንድሟ አፉን የፈታው «እታለም» ብሎ ስለሆነ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ የመነጽር ቤቱ ባለቤት ሳይቀር እታለም አላት፤ እሷም ለመደችው። የምትሠራው ከመደብሩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክቡን ሌንስ ከሚሽከረከረው ድንጋይ ጋር አስጠግታ ጠርዙን ትሞርዳለች፣ በውሃ ታጥባለች፣ ወደ መብራቱ አንስታ ታያለች፣ ካላማራት እንደገና ትሞርዳለች። ከፀጉር የቀጠነች ጭረት አታመልጣትም። «እታለም ሰው ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን መነጽሩን ነው የምታየው» እያሉ ይቀልዱባታል፤ ሐሰትም አይደለም።

ያን ሰሞን ቤት ቀይራለች። ምክንያቱ አባቷ ናቸው። አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ በየጢሻው መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ ጊዜ ደረጃው ላይ ወደቁ፤ «ጫማዬ ነው» አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ወደቁ፤ «መብራት ጠፍቶ ነው» አሉ። ሦስተኛውን ምክንያት ለመስማት እታለም አልጠበቀችም። ደረጃ የሌለው፣ ጓሮ ያለው ቤት ፈልጋ ተከራየችና እሳቸውን ከነካርታቸው፣ ከነሦስት እግር መለኪያቸው ጠቅልላ አመጣች።

«ሰው እንደ ሳጥን ተጭኖ ይመጣል?» ብለው ሁለት ቀን አኮረፉ። ቤቱ ውስጥ ደግሞ አቧራው አያድርስ ነው። ሳጥን በተከፈተ ቁጥር አባትና ልጅ እየተቀባበሉ ያነጥሳሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኩርፊያው ለቀቃቸው። ያስለቀቃቸው የጓሮው ዛፍ ነው። ከጣሪያው በላይ የወጣ፣ ጥላው የከበደ፣ ቅጠሉ ዘይት እንደተቀባ የሚያብለጨልጭ ዛፍ ነው፤ ጭብጥ የሚሞሉ አረንጓዴ ፍሬዎች ተንጠልጥለውበታል። እታለም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትወጣ አባቷን ከሥሩ ቆመው ሽቅብ አንጋጠው አገኘቻቸው።

«እናቴ፣» አሉ፤ እናቴ የሚሏት ደስ ሲላቸው ነው፤ «ይሄ ዛፍ ማነው?»

«ዛፍ ነዋ አባዬ! አርፍጃለሁ።»

«ዛፍማ ዛፍ ነው። አንቺስ ሰው አይደለሽም? ‹አንቺ ሰው› ብዬ ነው የምጠራሽ?»

መልስ ሳትሰጣቸው የጓሮውን በር ዘግታ ሄደች። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ ገና ዕቃ ሲያወርዱ፣ «ያ ዛፍ ሰው ያስተኛል ይባላል፤ ድሮ እዚህ የነበሩት ሰዎች አይነኩትም ነበር» ብላ ነግራት ነበር። እታለም ያን ጊዜ ሳጥን ተሸክማለች፤ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ አለፈች። ለአባቷ መንገር እንዳለባት ትዝም አላላት።

አምስት ሰዓት ገደማ ሞርዳ ያልጨረሰችው ሌንስ እጇ ላይ እያለ ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። ወንድሟን ሰው ሁሉ «ችኮላ» ይለዋል፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲወለድም ከቀኑ በፊት ነው የመጣው። በዚያ ቀን መደርደሪያ ሊገጥምላቸው ቤት ሄዶ ነበር።

«እታለም፣ አባዬ አልነቃ አለኝ።»

«እንዴት አልነቃ አለ? የት?»

«ዛፉ ሥር፣ ወንበር ላይ። ጠራሁት፣ ነቀነቅሁት፣ ውሃ ረጨሁበት። ይተነፍሳል፤ ዓይኑን ግን አይገልጥም። አጠገቡ የዚያ ፍሬ ልጣጭ አለ። በልቶታል እታለም! ተሸክሜው ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው።»

ሌንሱ ከእጇ መቼ እንደወደቀ አታውቅም። የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች ወጥታ ሮጠች። መንገዱ ላይ በጭንቅላቷ ውስጥ የሚመላለሰው የዳቦ ጋጋሪዋ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሰው ያስተኛል ይባላል፣ ሰው ያስተኛል ይባላል።

ጤና ጣቢያው ሰባት አልጋ ብቻ ያላት ትንሽ ቤት ናት። አባቷ ጥግ ላይ ተጋድመዋል፤ ደረታቸው ላይ ሽቦዎች ተለጥፈው በግራቸው በኩል ያለው መሣሪያ ጢክ ጢክ ይላል። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ነው። ግን «አባዬ» ስትላቸው ቅንድባቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እጃቸውን ያዘች፤ ሞቃት ነው። በዚያች ሙቀት ላይ ተንጠላጥላ ቆመች።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታለች፤ ስታወራ አትቸኩልም።

«ስኳራቸውን ለክቻለሁ፣ ደህና ነው። የሚወስዱት መድኃኒት የግፊት ብቻ ነው ብሎኛል ወንድምዎ።»

«አዎ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን። ሌላ የለም።»

«አፋቸው በጣም ደርቋል። የልብ ምታቸውም አላማረኝም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አረንጓዴ ፍሬ ያለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣ ዛፍ አለ። እሱ ልብ ያቆማል፤ ያውም ከሰዓታት በኋላ ነው ጉዱ የሚታየው። ያ ከሆነ አሁኑኑ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ አለብኝ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ችኮላ ከኋላ ዘሎ ገባ። «መኪናዬ በር ላይ ነው!»

«የአምስት ሰዓት የኮረኮንች ጉዞ ነው፤ እዚያ ያለው ሐኪም አሁን ከማደርገው ሌላ ሊያደርግላቸው የሚችለው ነገር የሚኖረው ያ መርዝ ከሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ራሳቸውን ሳያውቁ መንገድ ላይ ቢያስመልሳቸው ትንፋሻቸውን ሊዘጋው ይችላል። ያለ ምክንያት ማንገላታት አልፈልግም።» ወደ እታለም ዞረች። «ዛፉ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ግብርና ኮሌጁ ውስጥ የእጽዋት ክፍል አለ። ቅርንጫፍ ቆርጠው ይውሰዱ፤ ቅጠሉን ከነእንጨቱ፣ አበባ ካለው አበባውን፣ ፍሬውን። እስከ ስምንት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ። ከዚያ በፊት ምታቸው ከተለወጠ ግን አልጠብቅም።»

እታለም ሰዓቷን አየች። ስድስት ከሩብ ነው።

ጓሮው ውስጥ ችኮላ መጀመሪያ ያነሳው መጥረቢያ ነው። እታለም ፍሬ ልታወርድ ወንበር ላይ ስትወጣ ከበታቿ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ዛፉ ከሥሩ ተንቀጠቀጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እቆርጠዋለሁ! አባቴን በልቶ ሊቆም ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ምስክሩን ልትገድለው ነው?» ወርዳ መጥረቢያውን ከእጁ ነጠቀችው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ። እኔን ኮሌጅ አድርሰኝና ተመለስ፤ ከዚያ ቤቱን በርብረው። ስንት ፍሬ እንደበላ፣ ልጣጩን፣ ዘሩን፣ ሌላ የቀመሰው ነገር ካለ፣ ሁሉን ፈልግ። ገባህ?»

ችኮላ ዞር አለ። ጀርባውን ሰጥቷት ፊቱን በክንዱ ሲጠርግ አየችና ያን ያህል መጮኋ ቆጫት። ትከሻውን መታ መታ አደረገችው፤ ተያይዘው ወጡ።

የእጽዋት ክፍሉ ምድር ቤት ነው። ግራና ቀኙ ግራጫ የብረት ቁም ሳጥን የተደረደረበት ረጅም ክፍል ሲሆን የናፍታሊን ሽታ ከበሩ ይቀበላል። ጠረጴዛው ላይ እንዲደርቅ በጋዜጣ መሀል የተነጠፈ ቅጠል በሁለት እንጨት ተጨብጦ በጠፍር ታስሯል። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ዳቦ በወረቀት ይዘው ይበላሉ። ተማሪዎቹ ጋሽ ቅጠሉ የሚሏቸው የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። እታለም ልቧ በአፏ ሊወጣ ደርሶም ቢሆን መነጽራቸውን አየችው፤ ቀኙ ሌንስ ተጫጭሯል፣ ግራው እጀታ በክር ታስሯል።

ቅርንጫፉን ስታሳያቸው የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«ማን በላው?»

«አባቴ።»

«እና?»

«ተኝቷል። አልነቃ አለ። ሐኪሟ እስከ ስምንት ሰዓት ነው የምትጠብቀኝ።»

ጋሽ ቅጠሉ ዳቦውን አስቀምጠው ፍርፋሪውን ከእጃቸው አራገፉ። «ተቀመጪ» ቢሏት አልቻለችም። «እሺ፣ ቆመሽ ያዢልኝ። መጀመሪያ ሐኪሟ የፈራችውን እንይ።»

አንዱን ቅጠል ከእንጨቱ ገነጠሉት። ከተገነጠለበት ቦታ ላይ ትንሽ እርጥበት ብቅ አለ፤ ውሃ ነው፣ ነጭ አይደለም። የፍሬውን አንገት በቢላ ቆረጡት፤ እዚያም የለም። ቅርፊቱን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉት፤ አሁንም የለም።

«ወተት የለውም። ያ የፈራችው ቢሆን ይሄኔ እጄ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ደግሞ የዚያኛው ቅጠል ቀጭንና ረጅም ነው፣ እንደ ሳንጃ።»

«ተመስገን!» አለች እታለም። «ልደውልላት?»

«ደውዪላት። ግን ‹እሱ አይደለም› ማለት ግማሽ መልስ ነው ልጄ። መርዝ አንድ ዓይነት ብቻ መሰለሽ? ማን እንዳልሆነ አወቅን፤ አሁን ደግሞ ማን እንደሆነ ራሱ ይንገረን።»

ሐኪሟ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «ጥሩ ነው» አለች። «ምታቸው እንዳለ ነው። ይቀጥሉ፣ ጊዜ አለን።»

ጋሽ ቅጠሉ ከቅርንጫፉ ላይ አንዱን ዘለላ ወደ እሷ ዘረጉ። «ይሄ ስንት ቅጠል ነው?»

እታለም ቆጠረች። «አምስት።»

«አንድ ነው።» ጣታቸውን ግንዱና ቅጠሉ የሚገናኙበት ብብት ላይ አሳረፉ። «ቅጠል ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ሁልጊዜ እምቡጥ አለ። እዚህ ጋ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ አየሻት? አሁን ወደ አምስቱ ውጪ፤ በእያንዳንዳቸው ሥር እምቡጥ አለ?»

ጎንበስ ብላ ፈለገች። «የለም።»

«ስለዚህ አምስት ቅጠል አይደለም። አምስት ጣት ያለው አንድ ቅጠል ነው፤ እንደ መዳፍሽ።»

«ይሄ ምን ይነግረናል?»

«ብቻውን ምንም። እንደ መዳፍ የተዘረጋ ቅጠል ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ደጉም ክፉውም አለባቸው። የሰውን እጅ አይቶ ሌባ ነው ይባላል እንዴ?» ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ ሌንስ አውጥተው ሰጧት። «ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ወደ መስኮቱ ሂጂ፤ ቅጠሉን ብርሃን ላይ ያዢና የምታይውን ንገሪኝ።»

ሌንሱን ተቀበለችው። ይሄ የእሷ ሥራ ነው። አንዱን ዓይኗን ጨፍና ሌንሱን ወደ ሌላው አስጠጋች፣ ቅጠሉን ቀስ ብላ ወደ ሌንሱ አመጣችው። «የሌንሱ ጠርዝ ተፈግፍጓል» አለች ሳታስበው፤ «መሀሉ ግን ንጹሕ ነው።» ጋሽ ቅጠሉ ሳቅ አሉ።

መጀመሪያ ያየችው ደም ሥሮቹን ነው። ከዚያ በደም ሥሮቹ መሀል ሌላ ነገር ታያት።

«በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች… ብዙ ናቸው፣ ሞልቶታል።»

«አቧራ እንዳይሆን ጥረጊው።»

በሽርጧ ጠርጋ እንደገና አየች። «አቧራ አይደለም። ቀዳዳም አይደለም። ውስጡ ነው ያሉት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ መስታወት ውስጥ ያለውንና መስታወት ላይ ያለውን ስለይ ነው የኖርኩት።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ሊስቅ እንደሚፈልግ ሰው ፊት ሆነ። «እስቲ ጨፍልቀሽ አሽቺው።»

ጨፍልቃ አሸተተች። «ሎሚ… የሎሚ ልጣጭ ነገር ነው። መረር ይላል።»

«የብርቱካን ልጣጭ ስትጫኚ ዓይንሽ ውስጥ የሚረጭ ነገር አለ አይደል? ያ በየከረጢቱ የተቋጠረ ዘይት ነው። ያየሻቸው ነጠብጣቦችም እነሱው ናቸው። ይሄ ዛፍ የብርቱካንና የሎሚ ዘመድ ነው፤ ሩቅ አገር የቀረ አጎታቸው በይው።»

ከዚያ በኋላ እጃቸው ፈጠነ። ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ዘግይተው ያበቡ ጥቂት ጥቃቅን አበቦች ነበሩ፤ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለባቸው፣ ካልፈለጓቸው የማይታዩ። በመርፌ ጫፍ እየለዩ አስቆጠሯት፤ ቅጠለ አበባው አምስት፣ ወንዴ ዘንጉ አምስት። ፍሬውን ወገቡ ላይ ለሁለት ከፈሉት። ልጣጩ ስስ ነው፤ ሥጋው እንደ ቅቤ ለስላሳ፣ ነጣ ያለ ክሬም። መሀሉ እንደ ብርቱካን በክፍል በክፍል ተከፍሏል፤ በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ትልልቅ ነጫጭ ዘሮች ተቀምጠዋል፣ በሁለቱ ውስጥ ደግሞ ሳያድጉ የቀሩ ስስ ቅርፊቶች።

«አምስት ቤት» አሉ ጋሽ ቅጠሉ። «ሦስቱ ሰው ያለባቸው፣ ሁለቱ ባዶ።»

ወደ አንዱ ቁም ሳጥን ሄደው ቁልቁል ሲፈልጉ እታለም የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሰባት ከሃያ። አንድ ሰፊ ካርቶን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ከፈቱት። ውስጡ ከሠላሳ ዓመት በፊት የደረቀ ቅርንጫፍ በክር ተሰፍቶ ተቀምጧል፤ ቀለሙ ቡናማ ሆኗል፤ ግን አምስት ጣቱ ያው አምስት ጣት ነው። የእሷን ቅርንጫፍ ከጎኑ አጋደሙት። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተኝተው እንደማየት ነው።

«ካዝሚር» አሉ። «ስሙ ካዝሚር ነው። የሚበላ ፍሬ ነው ልጄ። ብርድም ሐሩርም የማይበዛበት አገር ይወዳል። እኔ ራሴ በልቼዋለሁ፤ ከጣፋጭነቱ የተነሣ ሁለተኛው ይሰለቻል።»

እታለም ጠረጴዛውን ያዘች። «ታዲያ ለምን ተኛ? ጎረቤታችን ሰው ያስተኛል ይባላል ብላ ነበር።»

ጋሽ ቅጠሉ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። «ጎረቤትሽ ከሜዳ አላመጣችውም። የሚያስተኛው ዘሩና ቅጠሉ ነው ይባላል። በተለይ ዘሩ አይበላም፤ መርዝነት አለው። ሥጋው ግን ምንም አያደርግም። አሁን የቀረችን አንዲት ጥያቄ ናት፤ አባትሽ ዘሩን አኝከዋል ወይስ አላኘኩም?»

ወዲያው ወንድሟ ጋ ደወለች። ችኮላ እያለከለከ አነሳው።

«ልጣጩን ቆጠርኩት፤ የአራት ፍሬ ነው።»

«ዘሮቹስ? ነጫጭ፣ ትልልቅ ናቸው፤ የት ጣላቸው?»

«አላየሁም።»

«ፈልግ! ቆሻሻው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር፣ ኪሱ ውስጥ…»

የበር ድምፅ፣ የወንበር ድምፅ፣ የችኮላ እርግማን ተሰማ። ጋሽ ቅጠሉ እየሰሙ ቆመዋል።

«እታለም!» አለ በመጨረሻ። «መኝታ ክፍሉ መስኮት ላይ ናቸው! አጥቧቸው ጋዜጣ ላይ አስጥቷቸዋል፤ እንደ ወታደር ደርድሯቸዋል። ሊተክላቸው ነው መሰለኝ ይሄ ሰውዬ!»

«ቁጠራቸው። የተነከሰ፣ የተሰበረ አለ?»

«አንድ፣ ሁለት… አሥራ ሦስት። ሁሉም ድፍን ናቸው። ሁለት ሦስት ስስ ልጣጭ ነገርም አለ።»

እታለም ስልኩን ሳትዘጋ ቁጥሩን ለጋሽ ቅጠሉ አስተላለፈች። እሳቸው በጣታቸው አሰቡ። «ለአራት ፍሬ ደንበኛ ቁጥር ነው። አንድ ፍሬ ከአምስት አያልፍም፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራት ነው። ደግሞ ቢነክሱትማ ምሬቱ ያስተፋቸው ነበር። አባትሽ ዘር አልበሉም።»

«እሰይ!» አለች። ወዲያው ግን ያው ጥያቄ ተመለሰባት። «እና ለምን ተኛ?»

«ያንን ዛፉን ሳይሆን ቤቱን ጠይቂ» አሉ ጋሽ ቅጠሉ። «ዛፉ እጁን ታጥቧል።»

«ችኮላ፣ መስኮቱ ላይ ሌላ ምን አለ?»

«ውሃ መጠጫ ብርጭቆ። ሬዲዮ። ክኒን።»

«የግፊቱ ክኒን ነዋ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብርማ ካርድ ላይ ያለች ትንሽ ነጭ ክኒን ናት። ቆይ ላንብብልሽ…» ፊደል እየቆጠረ አነበበላት።

የመድኃኒቱን ስም ስትሰማ እታለም ግንባሯን በመዳፏ መታች። የራሷ ክኒን ናት፤ ለአለርጂ፣ ለማስነጠስ የምትወስዳት፤ እንቅልፍ ስለምታመጣባት ከመኝታ በፊት ብቻ፣ ያውም አንዲት። በዚህ ሰሞን ለአቧራው ብላ ካርዱን ከፍታው ነበር።

«ካርዱ ላይ ስንት ቀርቷል?»

«ከአሥሩ አራት።»

እሷ የወሰደችው አንዲት ናት። አምስቱ አባቷ ሆድ ውስጥ ናቸው።

ለሐኪሟ ስትደውል ቃላቱ እየተጋፉባት ነበር፤ ካዝሚር፣ አሥራ ሦስት ዘር፣ ክኒን፣ አምስት። ሐኪሟ አስጨርሳት ትንፋሿን ለቀቀች፤ በስልክም ይሰማል። «አሁን ገባኝ። አፋቸው የደረቀው፣ ምታቸው የፈጠነው ለዚህ ነው! በእሳቸው ዕድሜ ይሄ ክኒን እንዲህ ያደርጋል። መቼ መቼ እንደወሰዱት ባላውቅም አጠገባቸው ሆኜ እከታተላለሁ። የትም አልልካቸውም። ተኝተው ይነሣሉ።»

«ይነሣል?»

«ይነሣሉ። አሁኑኑ እንኳ እግራቸውን ስነካቸው ሰበሰቡብኝ፤ ቅድም እንዲህ አልነበሩም።»

እታለም ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። ቅድም አልቀመጥም ያለችበት ወንበር ላይ እንደ ጆንያ ዘጭ አለች። አለቀሰችም። ጋሽ ቅጠሉ ከዳቧቸው ግማሹን ቆርሰው በወረቀቱ ላይ ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሰች ያን ጊዜ ነው ሆዷ የነገራት። ደረቅ ዳቦ ነው፤ በናፍታሊን ሽታ መሀል፣ በእንባ ተርሶ፣ እንደዚያ የጣፈጣት ምግብ ግን የለም።

«ጋሼ፣ መነጽርዎን ይስጡኝ» አለች አፏ በዳቦ እንደተሞላ።

«አሁን?»

«አሁንማ በምን ያያሉ? ነገ ሱቃችን ይምጡ። ያንን ክር ማየት አልችልም።»

ጋሽ ቅጠሉ ክሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ችሎኛል እኮ» ብለው ተከላከሉ፤ ግን እንደሚመጡ ነገሯት። ቅርንጫፏን ራሳቸው አስቀሩት፤ የቆየውን ነፍሳት ስለበላው አዲስ ያስፈልጋቸው ነበር። ጋዜጣ መሀል አስገብተው፣ በእንጨቱ ጨብጠው፣ ጠፍሩን ሲያስሩት እታለም ጫፉን ያዘችላቸው።

አባቷ የነቁት ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ ቀጥሎ ውሃ ጠየቁ፣ ከዚያ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው የእታለምን ያበጠ ዓይንና የችኮላን የተንጨባረረ ፀጉር ተራ በተራ አዩ።

«ምነው፣» አሉ በጎረነነ ድምፅ፣ «ማን ሞተ?»

«አንተ ነሃ!» አለ ችኮላ። «ልትሞት ነበር እኮ!»

«እኔ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነው እንጂ።»

«አባዬ፣» አለች እታለም እጃቸውን ይዛ፣ «የኔን ክኒን ለምን ወሰድክ?»

«አፍንጫዬ ቢፈስብኝ ነዋ። አንቺ ስትወስጂ አይቼ ነው። ማታ ሁለት ወሰድኩ፣ አልቆመልኝም፤ ጠዋት ሦስት ጨመርኩ።»

«ላዩ ላይ ተጽፏል እኮ፤ በቀን አንድ!»

«በምን ላንብበው? መነጽሬን የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደጠቀለልሽው የምታውቂው አንቺ።»

ሦስት ቀን ሙሉ የከተማውን ሰው ዓይን ስታበራ ውላ ስትገባ፣ የገዛ አባቷ ያለ መነጽር ቤቱን እየዳበሱ ነበር። «ይቅር በለኝ አባዬ» አለች እታለም። ለዳቦ ጋጋሪዋ ወሬም፣ ለሳጥኑም፣ ጠዋት መልስ ሳትሰጣቸው ለወጣችበትም ነበር፤ ሁሉን ዘርዝራ መናገር ግን አልቻለችም።

«ተዪው እናቴ» አሉ። «እኔም ብጠይቅሽ ምን ነበረበት? አኩርፌ እኮ ነው ያልጠየቅሁሽ።»

ሐኪሟ ገብታ ዓይናቸውን በባትሪ አየች፣ ቀኑን ጠየቀቻቸው፤ ቀኑን ከነቁጥሩ ነገሯት፤ የተኙበትን ሰዓትም አስልተው፣ «ስድስት ሰዓት አባክኛለሁ» ብለው ተቆጩ። ለጥንቃቄ እዚያው ይደሩ ተባለ። እታለምና ወንድሟ ብርድ ልብስና መነጽር ሊያመጡ ወጡ።

መኪናው ውስጥ ገብተው መንገድ ጀመሩ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ችኮላ ድምፁን አጎርንኖ፣ «ማን ሞተ?» አለ። እታለም ልትቆጣው ዞረች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ነው። እሱም ተከተላት። ሳቁ እንደ ማስነጠስ እየተቀባበለ አላቆም አላቸው፤ ችኮላ መሪውን መጨበጥ ሲያቅተው ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ከሥራ የሚመለሱ ሰዎች በእግረኛ መንገዱ ሲያልፉ፣ ያቺን ትልቅ የጭነት መኪና፣ ውስጧም ሆዳቸውን ይዘው እንባቸውን የሚጠርጉትን ሁለት ጎልማሶች እያዩ፣ ምን ነካቸው ይሉ ነበር።